ለአርባ ሰው የተነገረ ቃል

ኢሺናሴ መንደር
ኖቬምበር 11 ቀን 2012

ለወንድሜ ልጅ ለሹንሳኩ፣

እንደ ደንቡ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ፤ እንደ ደንቡም መልስህን ሳልጠብቅ የራሴን እነግርሃለሁ። እኔ አጎትህ ቶሜጂ ከጉልበቴ፣ ከወገቤ፣ ከግራ ጆሮዬና ከዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ሊቀ መንበር በስተቀር የሚያመኝ ነገር የለም። የቀደሙት አባቶቻችን ይጠብቁህ። በሰው አገር ወንዝ ውስጥ ስትቆም እግርህ ድንጋዩን አይሳተው።

ተራራው ቅጠሉን አቅልቶ ከከተማ ሰው እየጠራ ነው። ሰዎቹ በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ተራራውን ፎቶ ያነሳሉ፣ ሲመለሱ የእኔንም ጫማ ቤት ያነሳሉ። ባለፈው እሑድ አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ «እንዴት ደስ የሚል አሮጌ ነገር ነው» ስትል ሰማኋት። ቤቱን ይሁን እኔን ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

እነሆ እንደ ልማዴ አንድ ጥንድ የሱፍ ሶል ልኬልሃለሁ። ይህ አሥራ ሁለተኛው ነው። በእግርህ ልክ ቆርጬዋለሁ፤ እግርህ በስደት ካልሰፋ በቀር ይሆንሃል። አለጣጠፉን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ግን የሚያውቀውን ነገር ለሚያውቅ ሰው ካልነገረ ምግብ አይፈጭለትም። የወንዝ ቦት ጫማህን የጎማ ሶል በሞረድ ፋቀው፣ አቧራውን በቤንዚን ጥረገው። ማስቲሹን ሱፉንም ጎማውንም ቀባና ጣት መያዙን እስኪተው ጠብቅ። ከዚያ አጣብቀው፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዶሻ ምታው፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጥርቅም አድርገህ ጠፍረህ አስቀምጠው። ሁለት ቀን ውሃ አይንካው። ሁለት ቀን። አስምሬበታለሁ።

የእኛዎቹ ወጣቶች ዘንድሮ ብረት የተተከለበት የጎማ ሶል ከሱቅ እየገዙ ይመጣሉ። ወንዙ መሃል ሲደርሱ አንድ እጃቸውን እንደ ባለሥልጣን ያነሳሉ፤ ሰላም የሚሉኝ መስሎኝ እጄን ሳነሳ ይወድቃሉ። ዓሣችን የሚኖረው ድንጋዩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ልጋግ እየበላ ነው፤ ስለዚህ ዓሣ ያለበት ቦታ ሁሉ መውደቂያ ነው። ልጋግን የሚጨብጥ ሱፍ ብቻ ነው። ይህን ለመቶ ሰው ነግሬያለሁ፤ የሚያምኑኝ ሲወድቁ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አባትህ ኪሱኬ ካረፈ በመጪው ጁን 1 ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። በመነኩሴያችን አቆጣጠር ግን አሥራ ሦስተኛው ነው፤ መነኩሴ ዓመት ሲቆጥር የሞተበትንም ይጨምራል፤ አንዱ ምርቃት ነው። የአሥራ ሦስተኛው ዓመት ጸሎት ልጅ ሳይኖር አይደረግም። ማለቴ ይደረጋል፤ ያምራል ወይ ነው ነገሩ። ለቀብሩ አልመጣህም። ለሰባተኛው ዓመት አልመጣህም። ቀኑ ቅዳሜ ይውላል፤ እንደዚያን ጊዜውም የዓሣው ወቅት የሚከፈትበት ቀን ነው። ና።

ያለፈው ዓመት ሶል እንዴት ያዘልህ? ጻፍልኝ።

አጎትህ ቶሜጂ

የአባትህ ቤት በር ተጣሞ አልዘጋ ብሏል። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል።


ደቡብ ደሴት፣ ኒውዚላንድ
ጃንዋሪ 20 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ ለቶሜጂ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የዕረፍት ይሁንልዎ። ደብዳቤዎና ሶሉ በጊዜው ደርሰውኛል፤ መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። እንደሚያውቁት ደንበኞቼ ከየአገሩ ዓሣ ሊይዙ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የእኔ ሥራ ወንዙ መሃል አቁሜ ዓሣው የት እንዳለ ማሳየት፣ ሲያመልጣቸው ደግሞ ዓሣውን መውቀስ ነው።

ስለ ሶሉ ለጠየቁኝ፦ እንደ ሁልጊዜው ግሩም ነው። ድንጋዩን እንደ ድመት ነው የሚጨብጠው። ባለፈው ወር ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ሐኪም ወንዝ ስንሻገር እግሬን ሲያይ ቆየና ይህን ማን እንደሠራልኝ ጠየቀኝ። አጎቴ ነው አልኩት። በጣም አደነቀ።

ስለ ጸሎቱ ቀን ብዙ አሰብኩበት። ጁን ለእኔ አስቸጋሪ ወር ነው፤ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ወገቤም ረጅም በረራ አይችልልኝም። በእኔ ስም አበባና አባቴ ይወደው የነበረውን የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬ፣ መቃብሩ ላይ ቢያኖሩልኝ ውለታዎ አይጠፋኝም። የመቃብሩንም ፎቶ ቢልኩልኝ። ለበሩ እባክዎ አናጢ ይጥሩለት።

ጉልበትዎን ያሙቁት። ሊቀ መንበሩንም ይቻሉት።

አክባሪዎ ሹንሳኩ


ኢሺናሴ መንደር
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2013

ለወንድሜ ልጅ ለሹንሳኩ፣

ብርዱ ገና ነው፤ እኔ ግን አለሁ። አንተም ኑርልኝ። ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ከመቃብር ድንጋዩ አጠገብ የሚታየው ትልቅ ነገር አውራ ጣቴ ነው።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛ ጊዜ በደስታ፣ ሁለተኛ ጊዜ በመነጽር፣ ሦስተኛ ጊዜ በካርታ። ካርታውን ያሳየኝ ጡረታ የወጣው አስተማሪያችን ነው። ጁን እናንተ ዘንድ የክረምት እምብርት እንደሆነ፣ ወንዙም ለአጥማጅ እንደሚዘጋ አስረዳኝ። እንግዲህ ሥራ የሚበዛብህ በረዶ ላይ ነው ማለት ነው። ይሁን። ወገብም ይታመማል። የእኔም ማኅበሩ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ይታመማል።

ያልተዋጠልኝ ሌላው ነው። ሊቀ መንበራችን ጎንዛ በዲሴምበር ከሚስቱ ጋር እናንተ አገር ለጉብኝት ሄዶ ነበር። ከተመለሰ ወዲህ አገሩን እሱ ያገኘው ይመስል ቤት ለቤት እየዞረ ያወራል። ትናንት ጫማ ቤቴ መጥቶ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ ሩዝ ብስኩቴን ጨርሶ ሲያበቃ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የወንዝ ጫማውን ገልብጠው እንዳዩበት ነገረኝ።

«ምን አጡበት?» አልኩት።

«የአንተን ሱፍ ነዋ። ክልክል ነው። አገሩን በሙሉ በሱፍ ሶል ወንዝ መግባት ከተከለከለ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ልጋግ ከወንዝ ወደ ወንዝ ያዞራል ብለው። የወንድምህ ልጅ አልነገረህም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አልኩት።

ሹንሳኩ፣ ለአንተ ስል ጎንዛ ፊት ዋሸሁ። ከዚህ የባሰ ዝምድና የለም።

እንግዲህ ልጠይቅህ። እንደ ድመት የተጨበጠው የየትኛው ወንዝ ድንጋይ ነው? የስኮትላንዱ ሐኪምስ ያየው ምንህን ነው? ይህን ሁሉ ዓመት አመሰገንከኝ። ደብዳቤዎችህን ከሣጥኑ አውጥቼ ወደ ኋላ ሳነባቸው፣ አድልዎ ሳላደርግ እመሰክርልሃለሁ፣ ውሸትህ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ ሄዷል። መጀመሪያ «ጥሩ ነው» ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዝናብ ገባበት፣ ከዚያ አንድ ጀርመናዊ፣ ዘንድሮ ሐኪም። ሌላ አምስት ዓመት ብንቆይ ንጉሥ ይመጣ ነበር።

አልተቆጣሁም። መቆጣት ለእኔ ወገን ምን እንዳተረፈ ታውቃለህ። ግን የምልክልህ ሌላ ነገር የለኝም። አንድ የምነግርህ ነገር አለ፤ ወረቀት ላይ አልቀመጥ ይለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሞከርኩት፤ ሶል እየሆነ ይወጣል። ለዚህ ነው ና የምልህ።

አጎትህ ቶሜጂ


ደቡብ ደሴት፣ ኒውዚላንድ
ማርች 24 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ለማለትም አፍሬያለሁ፤ ቢሆንም ጤና ይስጥልኝ።

ጎንዛ እውነቱን ነው። ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የመጨረሻዎቹ አምስት ጥንድ ሶሎች ጋራዤ ውስጥ ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። ካርቶኑን ስከፍተው የእርስዎ ጫማ ቤት ይሸታል። ስለዚህ አልከፍተውም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጻፍኩልዎ እውነት ነበር። እግሬን ያየ ሁሉ ይጠይቀኝ ነበር፤ እዚህ ያሉትን የሥራ ጓደኞቼን ጫማ ሁሉ በእርስዎ አለጣጠፍ ለጥፌላቸዋለሁ። ሞረዱ፣ ቤንዚኑ፣ የብስክሌቱ ጎማ፣ ሁሉም እንደ ቃልዎ። የጠፈርኩት ጫማ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ጋራዤ ሥጋ ቤት ይመስል ነበር። ከዚያ ልጋጉ መጣ። ዓሣ የሚበላው የእኛ ዓይነት አይደለም፤ እንደ ረጠበ የበግ ፀጉር ነው፣ ድንጋዩን ሁሉ ለብሶት ያድራል፣ ሲረግጡት እግር ውስጡ ይጠፋል። ሱፍ ውስጥ ሳይደርቅ ቀናት ይቆያል አሉ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። እኔ ግን ያን ሰሞን ከአንዱ ወንዝ ወጥቼ በማግስቱ ሌላው ውስጥ ገብቻለሁ፤ ጫማዬም እርጥብ ነበር። እኔ ነኝ ማለቴ አይደለም። እኔ አይደለሁም ለማለትም አፍ የለኝም። ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩ። አሁን የማጠልቀው ብረት የተተከለበት የጎማ ሶል ነው። አዎ፣ ያንኑ። እኔም እጄን እያነሳሁ እወድቃለሁ።

ለምን ዋሸህ ካሉኝ፣ እርስዎ በዓመት አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ። «ሶሉ እንዴት ያዘልህ» ይላሉ። አያስፈልገኝም ብዬ ብመልስ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንጻጻፋለን ብዬ ፈራሁ።

ወረቀት ላይ አይቀመጥም ያሉትን ነገር ቢቀመጥም ባይቀመጥም አጣጥፈው ይላኩት። እኔም ሳልልክልዎ የቆየሁት ነገር አለ። ግን መጀመሪያ የእርስዎን ልስማ።

ሹንሳኩ


ኢሺናሴ መንደር
ኤፕሪል 14 ቀን 2013

ሹንሳኩ፣

ሰላምታውን ዛሬ እለፈው። ከጀመርኩት እዚያው ሰላምታ ላይ እቀራለሁ።

ከአባትህ ጋር የተጣላነው በአንተ መሆኑን ታውቃለህ። «እዚህ ወንዝ ውስጥ ብዙ ትውልድ ቆሟል፤ አንዱ ቢወጣ ውሃው አይደርቅም» ብዬ የሸኘሁህ እኔ ነኝ። ይህን የሰማ ዕለት ማናገሩን ተወ። እኔም ተውኩ። በአንድ አጥር ስምንት ወር።

የወንዛችን ዓሣ እንዴት እንደሚያዝ አሳይቼሃለሁ። ርቦት አይደለም የሚያዘው። አንዲት ድንጋይ ይመርጥና የእኔ ናት ይላል። ሌላ ዓሣ በነፍሱ አስረን ወደ ድንጋዩ እንሰድበታለን፤ ባለቤቱ ሊያባርረው ሲንደረደር መንጠቆው ጎኑ ላይ ይሰካል። አባትህና እኔ ዕድሜ ልካችንን በዚህ ዓሣ ስንስቅ ኖረናል። ለአንዲት ድንጋይ ብሎ የሚሞት ጅል እያልን።

ጎረቤት ሆኖ ደግሞ የሚባል ነገር አይጠፋም። ስለዚህ የምንነጋገረው በቡቺ በኩል ነበር፤ በአባትህ ውሻ። አንተ ከሄድክ በኋላ ስለሆነ ይህን አላየህም። አባትህ ጠዋት አጥሩ ጋ ይመጣና ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ «ቡቺ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ የጣሪያው ውሃ ወደ እኔ ግቢ እየወረደ ነው» ይላል። እኔም ከወዲህ ሆኜ፣ «ቡቺ፣ ለጌታሽ ንገሪው፣ ውሃ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ክሱን በተራራው ላይ ይመሥርት» እላለሁ። ቡቺ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች ጅራቷን ታወዛውዛለች። በመንደሩ ከእሷ የተሻለ አስታራቂ ሽማግሌ አልነበረም። የምትበላው ከሁለቱም ወገን ነበር፤ በዚህም ከሰው ሽማግሌ አትለይም።

ያን ዓመት ማስቲሹ ተለወጠ። የድሮው በግማሽ ቀን ይደርቅ ነበር። ፋብሪካው እሱን ተወና አዲስ ዓይነት መጣ፤ ሽታው ራስ የማያዞር፣ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሚፈልግ። ወቅቱ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አርባ አንድ ጥንድ ጫማ ተከምሮብኝ ነበር። የአባትህም ከውስጡ ነው፤ በቡቺ በኩል ልኮልኛል። በእኛ ቤት ደንብ የዘመድ ሥራ ከሁሉ በታች ይውላል። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው፤ ባዕድ ይቅደም፣ ወንድም ይታገሣል። አርባዎቹን ሰዎች ጫማቸውን ሳስረክብ አንድ በአንድ «ሁለት ቀን ውሃ አይንካው» አልኳቸው። ጎንዛን ሦስት ጊዜ አልኩት። የአባትህን ሁሉም ሲያልቅ፣ በዋዜማው ጠዋት ለጠፍኩት።

ከቀኑ በአሥር ሰዓት መጣ። ቡቺ አልተከተለችውም። በዚያው ሳምንት ሦስት ቡችሎች ወልዳ ከቤታቸው የእንጨት ወለል ሥር አልወጣም ብላ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ሞረዴን ተመለከትኩ። እሱ መሬቱን አየ፣ ውሻዋ የምትቆምበትን ቦታ። እኔም እዚያው አየሁ። ባዶ ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ አርባ ጊዜ ተናግሬው ለስልሶልኛል፤ ትንሽ ገፋ ባደርገው ይወጣ ነበር። ግን ለማን ልንገረው? ውሻ የለችም። ጫማውን ከመደርደሪያው አወረደ፣ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ስድስት እንቁላል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ነገ ላይሄድ ይችላል አልኩ በልቤ። ወቅት በተከፈተበት ቀን ወንዝ ሳይገባ የቀረበት ዓመት እንደሌለ እያወቅኩ እንደዚያ አልኩ።

በማግስቱ መሃል ወንዙ ላይ፣ የመነኩሴ ራስ የምንለውን መላጣ ድንጋይ ረግጦ፣ አዳልጦት ውሃው ይዞት ሄደ። ካወጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ፊቱን ሲያዩ እኔ እግሩን አየሁ። የግራው ሶል ከጣቶቹ በኩል ተላቆ እንደ ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ገነጠልኩትና ብብቴ ሥር ደበቅኩት። ለፖሊሱም ለማኅበሩም ድንጋዩ ያዳልጣል አልኩ። ድንጋዩማ ያዳልጣል፤ ውሸት አልተናገርኩም። ስልክ ስደውልልህም ለአንተ ያልኩህ ያንኑ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ማስቲሽ ለጥፎ አያውቅም። ሶሉ አሁንም አለ፤ ባዶ የማስቲሽ ቆርቆሮ ውስጥ ከድኜ አስቀምጬዋለሁ። እንቁላሎቹን ለቡቺ ሰጠኋት፤ አራስ ናት ብዬ። ከቀብሩ በማግስቱ ከወለሉ ሥር ወጥታ አጥሩ ጋ መጣች፣ እንደ ልማዷም መልእክት ልትቀበል ቆመች። ጎንበስ አልኩና፣ «ለጌታሽ ንገሪው፣ ሁለት ቀን ውሃ አይንካው» አልኳት። ጅራቷን አወዛወዘች።

ከእንግዲህ ና አልልህም። አትምጣም አልልህም።

ቶሜጂ


ፖስታ ካርድ፣ ከኢሺናሴ
ሜይ 12 ቀን 2013

ሹንሳኩ፣ እዚህ ሩዝ መትከል ተጀምሯል። እዚያ በረዶ ጣለ? ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ፖስታ ቤት ሄጄ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ይጠፋል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በጭራሽ አይጠፋም አሉኝ። አሳዘኑኝ። ቶሜጂ


ደቡብ ደሴት፣ ኒውዚላንድ
ሜይ 18 ቀን 2013

አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ክረምት ነው፣ ሥራ የለም፣ ወገቤም ደህና ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ጽሕፈቱን ያውቁታል። አባቴ የጻፈው ሜይ 31 ነው፤ የሞተው በማግስቱ ነው፤ የደረሰኝ ጁን 10 ነው። ለቀብሩ የቀረሁት ተቆጥቶኛል ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረሁት በዚህ ወረቀት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሹንሳኩ፣ ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ። አንድ ነገር አጣራልኝ። ያ ሰውዬ ጫማዬን ለጥፎልኛል። ማስቲሹ አዲስ ነው አሉ፤ ተረከዙን ስጫነው ገና ይለሰልሳል። ስንት ቀን እንደሚፈልግ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ቡቺ ወልዳ ተኝታለች። ስልክ ደውለህ ጠይቀውና ጻፍልኝ። ጠይቅ ያልኩህ እኔ መሆኔን እንዳትነግረው። ነገ ወቅቱ ይከፈታል፤ መልስህ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ፤ ገብቼ አየዋለሁ። መልሱ ለሌላ ዓመት ይሆነናል። ለመሆኑ እዚያ ወንዝ አለ? ድንጋዩ ያዳልጣል? እግርህን ጠብቅ። አባትህ።»

ስምንት ወር ዝም ያለኝ አባቴ ሲጽፍልኝ ሰበቡ የእርስዎ ማስቲሽ ነበር። ከአጥር ማዶ የሚጠየቀውን ነገር ባሕር አሻግሮ ላከው። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ባሳይዎ ገደሉት ያልኩ እንዳይመስል ደበቅኩት። ደግሞም በየዓመቱ ሶሉ ሲደርስ «ሁለት ቀን» የሚለውን መስመር፣ ከሥሩም ያሰመሩትን አያለሁ። ለማን እንደተጻፈ አውቅ ነበር። እያወቅኩ፣ ሶሉ ግሩም ነው ብዬ እመልስልዎ ነበር። እርስዎ በሶል ሲናገሩ እኔ በሐኪም ስመልስ ኖርን። ቡቺ ብትኖር ይህን ያህል አትሳሳትም ነበር።

ተረከዙ እንደሚለሰልስ እያወቀ ገባ። ይህ የሚያጽናናዎ ከሆነ ይጽናኑበት። እኔን አላጽናናኝም። እኔም እዚህ ያለውን ወንዝ ባየሁ ቁጥር እርጥብ ጫማዬ ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልሆንም። የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ ወረቀቱ ያኔውኑ ተልኮልዎ ቢሆን፣ ያንን ቆርቆሮ ብቻዎን አይጠብቁትም ነበር።

ሜይ 31፣ ዓርብ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት አውቶቡሱ እዚያ ያደርሰኛል። ለቅዳሜ አንድ ጥንድ የወንዝ ጫማ በሱፍ ሶል ያዘጋጁልኝ። እግሬ በስደት አልሰፋም። ይዤው አልመለስም፣ ሕጉ አይፈቅድም፤ እዚያው ይቀመጥልኛል።

ሹንሳኩ


ጫማው ማሰሪያ ላይ የታሰረ ወረቀት
ሜይ 31 ቀን 2013

ለሹንሳኩ፣

ይህን የጻፍኩት አውቶቡሱ ሲደርስ አፌ እንደ ልማዱ ከተዘጋ እንዲናገርልኝ ነው።

ደብዳቤህ ሰኞ ጠዋት ደረሰኝ። የወንድሜን ጽሕፈት አየሁት። «ያ ሰውዬ» ብሎኛል፤ በእሱ አፍ ይህ ሰላምታ ነው። ተረከዙን በአውራ ጣቱ ሲጫን አይቼው ነበር ብዬህ የለ? እየጠየቀኝ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ እቃዬን የናቀብኝ መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። ይህንን እንግዲህ የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፤ ቆርቆሮው ሞልቷል።

አሮጌውን ሶል አውጥቼ ቤት ውስጥ የሙታን መታሰቢያ መሠዊያው ላይ፣ ከአባትህ ፎቶ አጠገብ አኑሬዋለሁ። መነኩሴው ነገ ይህ ምንድን ነው ቢለኝ እነግረዋለሁ። ጎንዛም ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ፤ እስከ እሑድ ድፍን መንደር ይሰማል።

ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ጥንድ ተከምሮብኛል። የአንተን ከሁሉ በፊት፣ ያኔውኑ ሰኞ ለጠፍኩት። ጎንዛ ተራዬን ብሎ አጉረመረመ። ዘመድ ይቀድማል አልኩት። ከመቼ ወዲህ አለኝ። ከሰኞ ወዲህ አልኩት።

ማስቲሹ ረቡዕ ደርቋል። ተረከዙን ተጫነው፤ አይለሰልስም። ስለዚህ ይህን መናገር አያስፈልግም፤ ብናገረው ግን የሚከለክለኝ የለም።

ሁለት ቀን ውሃ አይንካው።

አጎትህ ቶሜጂ